ሲከፈት የሚያቃስተው ኮምፒውተራችን

ሰው ሲያቃስት ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። «አብሽር» ይባላል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ካልተሻለው ዱብቲ ሆስፒታል ይወሰዳል። ኮምፒውተር ሲያቃስት ግን ምን ይባላል? እኔ ወላሂ መጀመሪያ ያልኩት «አብሽር» ነው።

ሰመራ የሚኖር ሰው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው በጠዋት ነው፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግለው። ከረፋዱ በኋላ እንኳን ኮምፒውተሩ እኔ ራሴም አልሠራም። ቢሮ የምሄደው ለመቀመጥ ያህል ነው፤ አለቃዬ እንዳይሰማኝ እንጂ። ያን ቀን ሶላቴን ሰግጄ፣ ሻይዬን ይዤ፣ እንደ ልማዴ ቁልፉን ተጫንኩ። የምናውቀው ድምፅ አንዲት «ጢት» ናት። «ደህና አደራችሁ» እንደማለት ነው፤ ከዚያ ሥራውን ይጀምራል። ያን ቀን ግን «ጢት፣ ጢት» አለ። ቀጥሎ ረዘም አድርጎ «ጢ...ት» አለ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ «ቅርርርር» የሚል ነገር መጣ፣ ድስት በማንኪያ የሚፋቅ ይመስል። መጨረሻ ላይ «ቷ!» ብሎ ዝም።

ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ። እኔም ሻይዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እንዳይመስላችሁ፣ ለኮምፒውተሩ አይደለም የደነገጥኩት። እሱማ ከቢሮ ጨረታ የተረፈ፣ ጎኑ የተቧጨረ፣ ጠረጴዛውን ግማሽ የሚይዝ አሮጌ ሣጥን ነው። የደነገጥኩት ውስጡ ላሉት ሴትዮ ነው። ውስጡ አማቴ አሉ።

ቆይ ላስረዳ። ባለቤቴ ዘሀራ አስተማሪ ናት። እናቷ ኮምቦልቻ ታመው በተኙ ጊዜ እሷ እዚህ ተማሪ ትፈትን ነበር። ሕመሙ ይከፋል ያለ ሰው አልነበረም። ፈተናው ሲያልቅ ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሳለ መርዶው ቀደማት። ሐዘን ቤቱ ስንደርስ ወንድሟ «እማ ላንቺ ብላ የተናገረችው አለ» ብሎ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ በፍላሽ ሰጣት። ወደ ሰመራ ተመልሰን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥነውና ከፈተችው። ገና «ዘሀራዬ» ሲሉ ዘጋችው። «ሳትመጪ ቀረሽ ብላ ብትወቅሰኝስ?» አለችኝ፤ «ልቤ ሲችል እሰማዋለሁ።» ልቧ እስካሁን አልቻለም። እኔም የሷ ነው፣ አያገባኝም ብዬ ሰምቼው አላውቅም።

የወንድሟ ስልክ በኋላ ተሰረቀ። ፍላሹን ደግሞ እኔ ብልጡ ቢሮ ወስጄ ሰካሁት። የቢሯችን ኮምፒውተር የሰካችሁበትን ፍላሽ ሁሉ በቫይረስ ጠራርጎ፣ የማይከፈት ሾርትከት አድርጎ ይመልሳል። አደራ ተቀባይ ሆኖ አያውቅም። እንግዲህ የአማቴ ድምፅ በዱንያ ላይ የቀረው እዚያ በሚያቃስተው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ዘሀራ ደግሞ ለሥልጠና አዋሽ ሰባት ሄዳለች። ቤቱን፣ ኮምፒውተሩንና እናቷን ለእኔ ትታ።

ለቴዲ ደወልኩ። ቴዲ የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙቀቱን እየረገመ ስንት ዓመቱ። ያን ቀን ለሥራ ወደ አሳይታ ከተማ ሄዶ ነበር።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» አለኝ።

«የሚያስፈራ።»

«እንደሱ አይባልም ወንድሜ። አስመስለህ አሰማኝ።»

ኔትወርክ የሚገኘው ግቢው መሃል ነው። እዚያ ቆሜ «ጢት፣ ጢት፣ ጢ...ት፣ ቅርርርር፣ ቷ!» አልኩ። አከራያችን ጥላ ሥር ያሰሯቸው ፍየሎች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቅርርርሩን ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት። ጉሮሮዬ እስኪከረከር ደገምኩት።

«ስማ» አለ ቴዲ፤ «ጢት ጢቱ አቧራ ነው፣ ቀላል ነው። ቅርርርሩ ፋኑ ከሆነም ምንም አይደል። ሃርድ ዲስኩ ከሆነ ግን በከፈትከው ቁጥር ውስጡን እየፋቀው ነው። ያኔ አለቀልህ።»

«በምን ይለያል ታዲያ?»

«በመስማት ነዋ።»

«እንዴት ልስማ?»

«ከፍተህ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ካልከፈትኩት በሽታው አይታወቅም። ከከፈትኩት በሽታው ይገድለዋል። እንዲህ ያለ ምርመራ የት አገር አለ? ጠረጴዛው ፊት ቁጭ ብዬ እጄን ወደ ቁልፉ እሰዳለሁ፣ እመልሳለሁ። ላቤ ከሙቀቱ ይሁን ከጭንቀቱ አላህ ይወቀው። መጨረሻ ላይ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብዬ ከፈትኩት።

ቅርርርር አለ፣ ግን ተነሣ። አልሐምዱሊላህ! ስክሪኑ በራ። «እማ» የሚለውን ፎልደር አገኘሁና ድምፁ መኖሩን ለማረጋገጥ ተጫንኩት። ይሄኔ አከራያችን ሐጂ ሁመድ በሩ ላይ ደረሱ። ግቢው መሃል እንደ ፍየል ስጮኽ ሰምተው «ልጁ ምን ነካው» ብለው መምጣታቸው ነው። ሐጂ ሁመድ ግመልም ቤትም ያላቸው የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡ ወንበሩም ሥነ ሥርዓት ይይዛል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣቸው ገቡና ተቀመጡ።

አማቴ መናገር ጀመሩ። እኔ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬን የሣጥኑ ጎን ላይ ለጥፌ ቅርርርሩ ከየት እንደሚመጣ አዳምጣለሁ። ከላይ ነው? ከታች ነው? ፋን ነው? ዲስክ ነው? ሴትዮዋ ተናግረው ሲጨርሱ ጆሮዬ ቀልቶ፣ አንገቴ ተጣሞ፣ ምንም አልለየሁም። የምገለብጥበት ፍላሽ ፈለግኩ፤ ቤት ውስጥ የለም። ሣጥኑ በእጅ አይነካም፣ ግሏል። «ይረፍ» ብዬ አጠፋሁት።

አዎ፣ አጠፋሁት። «ስልክህን አጠገቡ አስቀምጠህ አትቀዳውም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እቀዳው ነበር። ይሄ ሐሳብ የመጣልኝ ካጠፋሁት በኋላ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ነው። ግንባሬን በመዳፌ ስመታ ሐጂ ደንገጥ አሉ።

«ወሬ?» አሉኝ፤ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለታቸው ነው።

ተናገርኩ። ሰው ሲጨንቀው አፉን አይዝም። የእናቷን ነገር፣ የዘሀራን ፍርሃት፣ ጢት ጢቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሐጂ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ «አደራ ሐጂ፣ ዘሀራ እንዳትሰማ» አልኳቸው።

«እኔ ለዘሀራ አልነግርም» አሉ።

በማግስቱ ቴዲ የራሱን ፍላሽ ይዞ ከአሳይታ መጣ። «እስቲ ላዳምጠው» አለ። ከፈትነው። ይሄ ከሃዲ ሣጥን ምን ቢል ጥሩ ነው? አንዲት «ጢት» ብሎ ጸጥ! ቅርርርር የለ፣ ቷ የለ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ጭምት ብሎ ተነሣ። ቴዲ ኮምፒውተሩን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

«ይሄ ምንም የለበትም። አንተ ግን ብትታይ ጥሩ ነው።»

«ፍላሹን ሰካና ገልብጥልኝ፣ የመታየቱን ነገር በኋላ!»

ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰካ ጎንበስ ሲል መብራት ሄደ።

እዚያው ቁጭ ብለን ጠበቅን። የጣሪያው ማራገቢያ ቆሞ ቤቱ ምድጃ ሆነ። ቴዲ ሸሚዙን ከጀርባው እየላቀቀ «ሲመጣ ደውልልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። መብራቱ የመጣው በነጋታው ነው። ምናልባት ጨዋነቱ ሳያልቅ ልድረስበት ብዬ ተሽቀዳድሜ ከፈትኩት። ጢት፣ ጢት፣ ጢ...ት፣ ቅርርርር፣ ቷ! ስክሪኑ ጥቁር።

ግቢው ውስጥ ሐጂ አገኙኝ። «ወሬ? ኮምፒውተሩ እንዴት ነው?»

ምን ልበል? አፍሬ፣ «ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ሐጂ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ልስማው።»

«ምን ያደርግልዎታል ሐጂ፣ ድኗል አልኩ እኮ።»

«አንተ ነህ ያልከው። እኔ አልሰማሁም። ትናንት ‹ታሟል› ብዬ ልኬአለሁ። ዛሬ ሳልሰማ ‹ድኗል› ብዬ ብልክ፣ ውሸት ቢሆን፣ ሁለተኛ ማን ያምነኛል?»

«ልኬአለሁ? የት ነው የላኩት?»

«ሚሌ ለሚሄድ ሰው ነገርኩት።»

እንግዲህ የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። እኛ ከወሎ የመጣን ሰዎች ለአንድ ሰው የነገርነው ነገር እዚያ ሰውዬ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ይመስለናል። አፋር ዘንድ ግን ዳጉ አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ይቆማሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ። የሰማኸውን ማስቀረት ነውር ነው፣ መጨመር ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ይሄን አላውቅም አልልም። በዚህ ከተማ ስኖር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ግን የግመልና የዝናብ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የሃርድ ዲስክም ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሐጂ ገብተው ሰሙ። ቅርርርሩ ሲመጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልዳነም» አሉና የላኩት ወሬ ልክ መሆኑን አረጋግጠው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ሎግያ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ብሄድ ነጋዴዋ «የአማትህ ድምፅ ደህና አደረ?» አለችኝ። ከዱብቲ የሚመጣው ሚኒባስ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እሱ ነገር ፋኑ ነው ዲስኩ?» አለኝ። ቢሮ ድረስ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ የጭፍራ ግመል ነጋዴ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው፣ ጉዳዩን ትቶ «ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ መፋቅ፤ አይደለም?» ብሎ ቅርርርሩን ከእኔ አሳምሮ አሰማኝ። አለቃዬም ብቅ ብሎ አየን።

በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ይሄ ወሬ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ፈንድቶ፣ እኔ ተቃጥዬ፣ ዘሀራ ፈትታኝ ነበር። ያኔ «ውሸት ነው» ብዬ እገላገል ነበር። እዚህ ግን ምኑን ልካድ? ወሬው ስንት ሰው አልፎ ሲመለስ አንዲት ጢት አልጎደለችውም።

ዘሀራ በየቀኑ ትደውላለች። ስለ ምግብ ትጠይቃለች፣ ስለ ውሃ በርሜሉ ትጠይቃለች። እኔ ድምፄን አለሳልሼ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣

«ሦስተኛው ጢት ነው ረጅሙ?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሥልጠናው በር ላይ ሻይ እየጠጣሁ። ከገዋኔ የመጣ ሽማግሌ ለጓደኛው ሲነግረው፣ ጓደኛው ለሻይ ሻጯ በአማርኛ ነገራት። ‹ሰመራ ውስጥ የሞተች ሴት ድምፅ ያለበት ሣጥን ታሟል። ልጇ አስተማሪ ናት፣ አዋሽ ናት፣ አልሰማችም። ባሏ ፈርቷል› አላት። ‹ፈርቷል› ያሉት ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኩ።

«አሁንም እየከፈትከው ነው?»

«አልፎ አልፎ... ለማየት ያህል...»

«እንዳትነካው! ሰማኸኝ? እጅህን እንዳታሳርፍበት። ነገ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ።»

አለመንካት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ፊቱ ቁጭ አልኩ። እንዳይሞቀው ብዬ እርጥብ ፎጣ አለበስኩት፤ ከዚያ «ውሃ ቢገባበትስ!» ብዬ ዘልዬ ገፈፍኩት፤ ከዚያ «መግፈፍ መንካት ነው እንዴ?» ብዬ ተጨነቅኩ። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት ወደ ሣጥኑ ስትጠጋ በነጠላ ጫማ አባረርኳት፤ የጫማው ንፋስ ነቀነቀው ብዬ ደግሞ ደነገጥኩ። ዘሀራ ከሚሌ ኬላ ደውላ «ነካኸው?» አለችኝ። «አልነካሁትም» አልኩ። የመሐላ ያህል ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ቴዲን ጠርቼው ፍላሹን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሐጂም በሩ ጋ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አይከለክላቸውም። ዘሀራ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ራሷ ተጫነችው።

ጢት።

አንዲት ብቻ! ሳናስበው ሁላችንም ተነፈስን። ስክሪኑ በራ። ፎልደሩን ከፈተች። ቴዲ ፍላሹን ሰካ። እሷ ድምፁን መርጣ ልትገለብጠው ስትል «ቅርርርር» አለ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀው አዲስ ነገር፣ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።» ከዚያ «ቷ!»

ቴዲ አጠፋ፣ ከፈተ፣ ነቀለ፣ ሰካ፣ ጆሮውን ለጠፈ። «ሃርድ ዲስኩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ምርመራችን በዚሁ አለቀ። በሽታው ታወቀ፣ በሽተኛው ሄደ። «አዲስ አበባ ድምፁን ከውስጡ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ እንልከዋለን። ግን ተስፋ አታድርጉ።»

እንድትጮኽብኝ ፈልጌ ነበር፤ ወላሂ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። «ትውቀሰኝ አትውቀሰኝ እንኳን ሳላውቅ ቀረሁ» አለች።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ከበሩ፤ «ወሬ አለኝ።»

«አሁን ሐጂ? በዚህ ሰዓት?» አልኩ፣ እንደ መቆጣት ብዬ።

«የእናትሽ ነው» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ምርኩዛቸውን አቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በዚህ ቤት፣ በዚህ ወንበር ላይ ሆኜ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላ ሰው አልነገረኝም። እንዲህ አለች፤

‹ዘሀራዬ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።› እዚህ ጋ አሳላት፣ ሁለት ጊዜ። ‹አልመጣሁም ብለሽ ሆድሽ እንዳይባባ። እንዳትመጪ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሕመሜን አቅልለህ ንገራት ብዬ ወንድምሽን ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳትቆጪው። የሰው ልጆች ፈተና ላይ ጥለሽ ብትመጪ እኔም ደስ አይለኝ።› እዚህ ጋ ውሃ ጠጣች። ‹ባልሽ ደግ ሰው ነው። ግን እባክሽ ምንም ነገር አትጠግን በይው። ሬዲዮኔን ከነካካው ወዲህ ዓረብኛ እንጂ ሌላ አይናገርም።›»

ቴዲ ሳል መጣበት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሐጂ ቀጠሉ። በዕለት ንግግራቸው የማይጠቀሙበት የኮምቦልቻ አማርኛ፣ ቃል ሳይጎድል፣ ከአፋቸው ይወጣል። «‹እኔ ተቀይሜሽ አላውቅም፣ አንድም ቀን። አሁን ወገቤን...› አለች። ከዚያ ‹እሽ! ውጪ ከዚህ! ምን ያቅለበልብሻል!› አለች። ይሄ ላንቺ አይደለም፣ ዶሮ ገብታባት ነው፤ ዶሮዋም ተሰምታለች። ከዚያ ሳቀች። ‹በቃ ልጄ፣ አላህ ይጠብቅሽ› አለች። አበቃ። እኔ የጨመርኩት የለም።»

ዘሀራ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ከአልጋው ወርዳ ሐጂ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ሐጂ፣ ይድገሙልኝ» አለች።

እዚህ ላይ እኔ ነቃሁ። የዛሬውን እንኳን ልቅዳ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ዘሀራ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ምንም አትንካ» አለች። «በቃሌ ነው የምይዘው።»

ሐጂ አንድ አረፍተ ነገር ይላሉ፣ እሷ ትደግማለች። ስትሳሳት ያስቆሟታል፣ ያርሟታል። ሳሉንም አላስቀሩላትም። መጀመሪያ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እየቆየ ረጋ። ዶሮዋ ጋ ሲደርሱ ቀና አለችና «እሽ! ውጪ ከዚህ! ምን ያቅለበልብሻል!» አለች።

የአማቴ ድምፅ ነው፤ ራሱ፣ እርግጠኛ ነኝ። እኔ የተባረርኩ መስሎኝ ነጠላ ጫማዬን በእጄ ይዤ ግቢው መሃል ደርሼ ነበር።